ባቡር የሚጸናው ከሥሩ ነው
ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቡልቡላ

ሰው ስለ ባቡር ሲነጋገር አስቀድሞ የሚያነሣው የሞተሩን ጕልበት ነው። «ስንት ፉርጎ ይጐትታል? በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣል?» ይባላል እንጂ፣ «በምን ላይ ተቀምጦ ይሮጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የባቡርን ታሪክ ጠለቅ ብሎ የተመለከተ ሰው ግን አንድ ነገር ይረዳል፤ ይኸውም ሞተር ባቡሩን ሊያስሮጠው ቢችልም፣ እየሮጠ በሃዲዱ ላይ እንዲጸና የሚያደርገው ከወለሉ በታች የተሰወረው መሣሪያ መሆኑን ነው። መንኰራኵሩ፣ ባሌስትራው፣ ሞላውና መንገዱ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ የሞተር ጕልበት ለጥፋት እንጂ ለጥቅም አይሆንም።

በዚህች ጽሑፍ ይህን ነገር በራሳችን አገር የባቡር ታሪክ ለማስረዳት እንሞክራለን። የአገራችንን ታሪክ በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር (ዓ.ም.)፣ የውጭ አገሩን ደግሞ በአውሮፓውያን አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.) እንጽፋለን።

ባቡር በቡልቡላ ደጅ አያልፍም። ከእኛ ከተማ ተነሥቶ ሃዲድ ማየት የሚፈልግ ሰው በባቱ (ዝዋይ) እና በመቂ አልፎ ወደ ሞጆ ወይም ወደ አዳማ መሄድ አለበት። ነገር ግን የትምህርቱን መጀመሪያ ለማግኘት በገበያ ቀን የሚመላለሰው የፈረስ ጋሪ ይበቃናል። ባሌስትራ የሌለው ጋሪ ድንጋይ በመታ ቍጥር ምቱ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ወገብ ይደርሳል። ባሌስትራ ያለው ጋሪ ግን መንኰራኵሩ በድንጋዩ ላይ ሲወጣ ብረቱ ይታጠፍና ምቱን ይቀበላል፤ ከላይ ያለው ሰውና ጭነት ያን ያህል አይናወጥም። ይህ የባሌስትራ የመጀመሪያ ሥራው ነው።

ለባቡር ግን ከምቾት የሚበልጥ ሁለተኛ ሥራ አለው። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ጐርበጥባጣ መሬት ላይ ብናቆም አንዱ እግሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሃዲድም የቱንም ያህል ተጠንቅቆ ቢሠራ ፍጹም ደልዳላ አይሆንም፤ አንዱ ብረት ከሌላው በጥቂቱ ዝቅ ወይም ከፍ ይላል። ባሌስትራ የሌለው ፉርጎ በዚህ ላይ ሲሄድ እንደ ጠረጴዛው አንድ መንኰራኵሩ ክብደት ያጣል። ክብደት ያጣ መንኰራኵር ደግሞ በሃዲዱ ጫፍ ላይ ለመውጣት ይቀለዋል። ስለዚህ ባሌስትራውና ሞላው መንኰራኵሮቹ ሁሉ ምን ጊዜም ሃዲዱን ረግጠው እንዲይዙ የሚያስገድዱ ናቸው።

አሁን ወደ መንኰራኵሩ እንምጣ። የባቡር መንኰራኵር ከሃዲዱ እንዳይወጣ የሚያደርገው በውስጥ በኩል ያለው ከንፈሩ ብቻ ይመስለናል። እውነቱ ግን ከንፈሩ የመጨረሻ መከላከያ ሲሆን፣ በዘወትር አካሄድ ባቡሩን የሚመራው የመንኰራኵሩ ገጽ ሾጣጣ መሆኑ ነው። ገጹ በውስጥ በኩል ሰፋ፣ በውጭ በኩል ጠበብ ይላል። ይህን ለመረዳት ማንኛውም ተማሪ ሁለት የወረቀት ኩባያ ወስዶ አፍ ለአፍ ያጣብቅና፣ ጐን ለጐን በተዘረጉና በጥቂቱ ባዘነበሉ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ላይ ያንከባልለው። ኩባያዎቹ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብሉ በዚያ ወገን ሰፊው ክፍል እንጨቱን ስለሚነካ ረዘም ያለ መንገድ ይሽከረከርና ራሱን ወደ መካከል ይመልሳል። ቂጥ ለቂጥ ቢያጣብቃቸው ግን ወዲያው ይወድቃሉ። በአንድ ዘንግ ላይ የተጣበቁ ሁለት የባቡር መንኰራኵሮችም እንዲሁ ራሳቸውን ይመራሉ።

ነገር ግን ይህ በጎ ጠባይ ከጉድለት የጸዳ አይደለም። መንኰራኵሩ ወደ መካከል ሲመለስ መካከሉ ላይ አይቆምም፤ ያልፈውና ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል፤ ከዚያም ይመለሳል። ስለዚህ በቀጥታ ሃዲድ ላይ እንኳ እንደ እባብ እየተጣጠፈ ይሄዳል። የእንግሊዙ የባቡር መሐንዲስ ጆርጅ ስቲቨንሰን ይህን አካሄድ በ1821 እ.ኤ.አ. አስተውሎታል። የጀርመኑ መሐንዲስ ክሊንግል ደግሞ በ1883 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አስልቶ፣ የእባቡ መታጠፊያ ርዝመት በመንኰራኵሩ ስፋት፣ በሃዲዱ ስፋትና በገጹ ሾጣጣነት እንደሚወሰን አሳየ።

በክሊንግል ሒሳብ አንድ ምሳሌ እንሥራ። ሃዲዱ አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ የመንኰራኵሩ ሬድየስ 45 ሳንቲ ሜትር፣ የገጹ መሾጠጥ ከ20 አንድ ይሁን። አንዱ ሙሉ መወዛወዝ ወደ 14 ሜትር ገደማ ርዝመት ይኖረዋል። ባቡሩ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 36 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ ይህን ተሳፋሪው አያስተውለውም። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን በደቂቃ 146 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። አደጋው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፍጥነቱ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ መወዛወዙ በራሱ መብረዱን ይተውና ከባቡሩ ሩጫ ጕልበት እየወሰደ እያደገ ይሄዳል፤ በመጨረሻም የመንኰራኵሮቹ ከንፈር ሃዲዱን ግራና ቀኝ መምታት ይጀምራል።

ይህን ለመግታት መሐንዲሱ ዘንጎቹን በጠንካራ ሞላ ያጠብቃቸዋል። ነገር ግን እጅግ አጥብቆ ካሰራቸው በመታጠፊያ ላይ ዘንጎቹ መንገዱን ተከትለው መዞር ያቅታቸዋል፤ ከንፈሩ ሃዲዱን እየፋቀ ይጮኻል፤ መንኰራኵሩም ሃዲዱም ይበላሉ። እጅግ ቢያላላቸው መታጠፊያውን በደኅና ይዞራሉ፤ በቀጥታው መንገድ ላይ ግን በፍጥነት ጊዜ ይወዛወዛሉ። እንግዲህ ለቀጥታ የሚስማማው ለመታጠፊያ አይስማማም፤ ለመታጠፊያ የሚስማማውም ለቀጥታ አይስማማም። የባቡር ሥራ ዋናው ጭንቀት ይህ ነው። መፍትሔውም የሚወሰነው ባቡሩ የሚሄድበት አገር ተራራ ነው ወይስ ሜዳ? የሚፈለገውስ ጭነት ነው ወይስ ፍጥነት? ተብሎ አስቀድሞ በመጠየቅ ነው።

አባቶቻችን ይህን ጥያቄ እንዴት እንደ መለሱት የአገራችን ታሪክ ይነግረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር መንገድ ለመሥራት ለስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መንገዱ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት ወደ አዲስ አበባ መውጣት ስለ ነበረበት፣ የሃዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ጠባብ ሃዲድ በተራራ ጥግ ተጣጥፎ ለማለፍ ይመቻል፤ ቁፋሮውንና ወጪውንም ይቀንሳል። ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ከባድ ስለ ሆነበትም ሐረርን ትቶ በሜዳው አለፈ፤ በዚያም ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ሃዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወደቀና ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ መንገዱ በአዋሽ፣ በአዳማ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ስላረፉ ሥራውን ያስጀመሩት ንጉሥ ፍጻሜውን አላዩም። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ።

አንዳንድ ሰዎች ያን ባቡር በዝግታው ይነቅፉታል። ነገሩን በፍርድ ብንመለከተው ግን ዝግታው የስንፍና ሳይሆን የምርጫ ውጤት ነበር። በጠባብ ሃዲድና በብዙ መታጠፊያ መንገድ ላይ የሚሄድ ባቡር ፍጥነትን ትቶ መውጣትንና መዞርን መርጧል። አባቶቻችን የፈለጉት ባሕሩና ደጋው እንዲገናኙ ነበር፤ ተገናኙም። ከመንገዱም ጋራ የጣቢያ ከተሞች አደጉ፤ ከእነርሱም አንዷ አዳማ ናት።

በጊዜ ብዛት ሰዎች ፍጥነትን መፈለጋቸው አልቀረም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሊቶሪና የተባለው ባለ ሞተር ፉርጎ በዚሁ መንገድ ላይ መሮጥ ጀመረ፤ ስሙም እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አንደበት ይነገራል። ሊቶሪና ከከባዱ የእንፋሎት ባቡር የሚለየው ቀላል በመሆኑና በሁለት ቦጊ ላይ በመቀመጡ ነበር። ቦጊ ማለት ሁለት ዘንግ ያላት፣ ከፉርጎው በታች እንደ ልብ የምትዞር ትንሽ ሠረገላ ናት። ረጅሙ ፉርጎ ቀጥ ብሎ ሳለ ቦጊዎቹ ከሥሩ መታጠፊያውን ተከትለው ይዞራሉ። በመልካም ቦጊ ላይ ሞላው በሁለት ደረጃ ይቀመጣል፤ አንደኛው በዘንጉና በቦጊው መካከል፣ ሁለተኛው በቦጊውና በፉርጎው መካከል ነው። የመጀመሪያው መንኰራኵሩን ይገዛል፤ ሁለተኛው ተሳፋሪውን ያሳርፋል። በዚህ ሥራ አሮጌው ባሌስትራ አንድ ብልሃት ነበረው፤ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ መወዛወዙን ያበርዱታል። የተጠማዘዘው ሞላ ግን አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ መዝለሉን ስለማይተው፣ መካኒኮች አሞርዛተር የሚሉት ማብረጃ ከጐኑ ይታከልለታል።

ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮም የናፍጣ ባቡሮች የእንፋሎቱን ባቡር እየተኩ መጡ። በእንፋሎት ባቡር መንኰራኵሮቹን የሚያዞሩት ከባድ የብረት ክንዶች በሩጫ ጊዜ ሃዲዱን እንደ መዶሻ ይመቱት ነበር፤ የናፍጣው ባቡር ይህን ምት አስቀረ። ይሁን እንጂ የሃዲዱ ስፋት ያው አንድ ሜትር፣ መታጠፊያውም ያው የቀድሞው መታጠፊያ ነበረ። ሞተር ይለወጣል፤ መንገድ ግን በቀላሉ አይለወጥም።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የነበረውን ደግሞ እንመልከት። በመጋቢት 1955 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች በኤሌክትሪክ ባቡር በሰዓት 331 ኪሎ ሜትር ሮጠው ዓለምን አስደነቁ። ከሙከራው በኋላ የተነሣው ፎቶግራፍ ግን ሃዲዱ እንደ እባብ ተጣሞ ያሳያል። ጕልበቱ ተገኝቶ ነበር፤ ጽናቱ ግን ገና አልተገኘም።

ጽናቱን በትዕግሥት ከፈለጉት መካከል ጃፓኖች ይገኙባቸዋል። ታዳሺ ማትሱዳይራ የተባለ መሐንዲስ በጦርነቱ ዘመን የአውሮፕላን ክንፍ በፍጥነት ጊዜ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ያጠና ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ባቡር ምርምር ገባና የባቡሩ መወዛወዝ ከክንፉ መንቀጥቀጥ ጋራ አንድ ዐይነት መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ በሒሳብና በሙከራ የዘንጉን አያያዝና የሞላውን ጥንካሬ መዝኖ አስተካከለ። ጃፓኖችም ለባቡሩ ከአሮጌው ጠባብ ሃዲዳቸው የተለየ፣ ሰፊና መታጠፊያው ገር የሆነ መንገድ ሠሩ። በጥቅምት 1 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮና በኦሳካ መካከል በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ባቡር ሥራ ጀመረ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያገኘው ከዚህ ከ20 ቀን በኋላ ነው። አበበ 42 ኪሎ ሜትሩን የጨረሰው በፈጣን እግር ብቻ ሳይሆን እርምጃውን በመመጠን ጭምር ነበር፤ ባቡሩም እንዲሁ ነበረ። ፈረንሳዮችም ቢሆኑ ከ1955ቱ ትምህርት አልሸሹም። ቦጊውንም፣ ሞላውንም፣ መንገዱንም ለብዙ ዓመታት አጥንተው በሚያዝያ 2007 እ.ኤ.አ. በሰዓት 574.8 ኪሎ ሜትር ሮጡ።

አሁን ወደ አሳዛኙ ምዕራፍ እንመለስ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም.፣ አገራችን በድርቅና በረኃብ በተጨነቀችበት ዓመት፣ አንድ ሺህ ያህል ሰው የጫነ ፈጣን ባቡር በአዋሽ ከተማ አቅራቢያ በገደል ላይ የተሠራውን ጠምዛዛ ድልድይ ሲያልፍ ከሃዲዱ ወጣ። ከአምስቱ ፉርጎዎች አራቱ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ መቶዎችም ቈሰሉ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ይህ ነው። ምክንያቱም ባቡሩ ለመታጠፊያው ከሚገባው በላይ መፍጠኑ እንደ ነበረ ተነግሯል።

ይህ ለምን እንደሚሆን ሒሳብ ያስረዳል። ባቡር በመታጠፊያ ሲሄድ ወደ ውጭ የሚገፋ ኀይል ይነሣበታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኀይሉ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ ሬድየሱ 200 ሜትር በሆነ መታጠፊያ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፉርጎ የክብደቱን 6 በመቶ ያህል ወደ ውጭ ይገፋል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ግን 25 በመቶ ይደርሳል። የፉርጎው የክብደት ማእከል ከሃዲዱ 1.5 ሜትር ከፍ ያለ ቢሆንና መታጠፊያው ደልዳላ ቢሆን፣ በአንድ ሜትር ሃዲድ ላይ 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይገለበጣል። 1.435 ሜትር በሆነ ሃዲድ ላይ ግን እስከ 113 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቆማል። በእውነተኛው መንገድ ደግሞ ፉርጎው በሞላው ላይ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል፣ ሃዲዱም ጐርበጥባጣ ስለሚሆን፣ አደጋው ከዚህ ቀድሞ ይመጣል። በዚህ ሰዓት ሞላ ምሕረት የለውም፤ ለዝግታ የተመረጠው ሁሉ በፍጥነት ጊዜ ጠላት ይሆናል። በአዋሽ የሞቱት ሰዎች ስለ ሬድየስና ስለ ክብደት ማእከል የማወቅ ዕዳ አልነበረባቸውም፤ ቲኬት ቈርጠው የተሳፈሩ እናቶች፣ ነጋዴዎችና ሕፃናት ነበሩ። ማወቅ የሚገባው ሌላው ሰው ነበር። የምሕንድስና ትምህርት የሰው ነፍስ ጥበቃ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

አሮጌው መንገድ እያረጀ ሄዶ፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መመላለሱን አቆመ። በፈንታውም በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ሃዲዱ 1.435 ሜትር ስፋት አለው፤ ርዝመቱ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው። የሰው ባቡር በሰዓት 120፣ የጭነት ባቡር 80 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ተደርጎ ተነድፏል። ከሰበታ እስከ አዳማ ድረስ ሃዲዱ ድርብ ነው። ይህን ፍጥነት የፈቀደው የኤሌክትሪኩ ኀይል ብቻ እንዳልሆነ አሁን አንባቢ ተረድቶታል፤ ሃዲዱ ሰፍቷል፣ መታጠፊያው ገርቷል፣ ቦጊውም ለዚህ ተመጥኗል።

ይሁን እንጂ አዲስ ነገር አዲስ ሆኖ አይኖርም። መንኰራኵር በሮጠ ቍጥር ገጹ ይበላል፤ ሲበላም ሾጣጣነቱ ይለወጣል፤ ሾጣጣነቱ ሲለወጥ ባቡሩ መወዛወዝ የሚጀምርበት ፍጥነት ዝቅ ይላል። ሞላም ይደክማል፤ የአሞርዛተር ዘይት ይፈሳል። በመጀመሪያው ቀን በ120 ኪሎ ሜትር ጸንቶ የሮጠ ፉርጎ፣ ሳይመረመር ብዙ ዓመት ቢቈይ በዚያው ፍጥነት ላይጸና ይችላል። ስለዚህ ከፉርጎው በታች ገብቶ መንኰራኵር የሚለካ፣ የላላውን የሚያጠብቅ፣ የደከመውን ሞላ የሚለውጥ ሠራተኛ ከነጂው ያላነሰ ክብር ይገባዋል። እጁ በቅባት ቢጠቍርም የብዙ ሰው ሕይወት በእጁ ነው።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ሁላችንም ስለ ዕድገትና ስለ ፍጥነት እንናገራለን። መናገራችንም መልካም ነው፤ አገራችን መፍጠን ያስፈልጋታል። ነገር ግን አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። ከባቡራችን ታሪክ የምንማረውም ይህንኑ ነው። ዝግ ብሎ መሄድ የመረጠ መንገድ በዝግታው ሲከበር ሥራውን ሠርቷል፤ ባልተዘጋጀበት ፍጥነት ሲሮጡበት ግን ገድሏል። መፍጠን የሚሻም አስቀድሞ መንገዱን ያስፋ፣ ሞላውን ይመዝን፣ መንኰራኵሩን ይመርምር። ከእናንተ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ መካኒክ ወይም የባቡር ነጂ የሚሆን ሰው፣ «ስንት ይሮጣል?» ከማለቱ በፊት ጐንበስ ብሎ ከሥሩ ይመልከት።